ጅማ ላይ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ክረምቱን ይዘልቃል?

የጅሬን_መንገድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ ወደ ጅሬን መውጫ ላይ ነው፣ ነዋሪው አምስት ሰው። ሻወር ሁለት ቦታ አለ፤ አንዱ ላይ 5500 ዋት የኤሌክትሪክ ሻወር ተገጥሟል፣ ሁለተኛው ቀዝቃዛ ብቻ ነው። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ 2000 ሊትር ሮቶ በ4 ሜትር የብረት ማማ ላይ ተቀምጧል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ እንጨቱ ባሕር ዛፍ።

መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውኃም አብሮ ስለሚጠፋ ባለ 15 ቱቦ፣ 150 ሊትር ሶላር ለመግዛት አስቤያለሁ። ግማሹ ሰው «ጅማ ዝናብ ነው፤ ሶላር ለድሬዳዋ ነው» ይላል። ሻጩ ደግሞ «ደመና ቢሆንም 80 ዲግሪ ይሰጣል» ብሎ ይምላል። የቱን ልመን? ሌላም ጥያቄ አለኝ። የመስታወት ቱቦ ያለው ይሻላል ወይስ ጠፍጣፋው ሳጥን? ቪዲዮዎቹ ሁሉ «ወደ ደቡብ፣ በ45 ዲግሪ» ይላሉ፤ እዚህም እንደዚያ ነው?

ቁጥር_ይናገር፦

ሁለቱም ተሳስተዋል። የሻጩ ስህተት ግን ከኪስ የሚወጣ ነው።

መጀመሪያ የሚያስፈልገውን እናስላ። አንድ ሰው ለመታጠብ 39 ዲግሪ ገደማ የሞቀ 35 ሊትር ይበቃዋል፤ ለአምስት ሰው 175 ሊትር። የሮቶው ውኃ 18 ዲግሪ ነው ብንል በ21 ዲግሪ ማሞቅ አለብን። 1 ኪሎዋት ሰዓት 860 ሊትር ውኃ በ1 ዲግሪ ያሞቃል። 175 በ21 ተባዝቶ ለ860 ሲካፈል 4.3 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የቤታችሁ የቀን ፍላጎት ይህ ነው። ይህችን 860 ያዛት፤ ሻጭ የሚናገረው ሁሉ በእሷ ይፈተሻል።

አሁን ፀሐይዋ። ጅማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ገደማ ላይ ናት። አግድም በተኛ አንድ ካሬ ሜትር ላይ በዓመት አማካይ በቀን ወደ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይወርዳል፤ በበጋ ወደ 6 ይጠጋል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወደ 4 ዝቅ ይላል። ጀርመን በታኅሣሥ ወር በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አትሞላም፣ ጣሪያዎቿ ግን በሶላር ተሸፍነዋል። የእኛ ደመና ቀጥታውን ጨረር ይጋርዳል እንጂ ብርሃኑን ጨርሶ አያጠፋውም፤ ተበትኖ የሚወርደውን ብርሃን ደግሞ ቱቦውም ሳጥኑም ይቀበሉታል።

በገበያ ያለው የተለመደ ቱቦ ውፍረቱ 58 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 1.8 ሜትር ነው። ሙቀት የሚቀበለው የውስጠኛው ጥቁር ቱቦ 47 ሚሊሜትር ስለሆነ አንዱ ቱቦ 0.08 ካሬ ሜትር ያህል ነው። 15 ቱቦ ማለት 1.2 ካሬ፣ 20 ቱቦ 1.6 ካሬ። በክረምት ከሚወርደው ግማሹን ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን ውኃው ውስጥ ያስገባል ብለህ ብታሰላ ባለ 15 ቱቦው 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ከፍላጎታችሁ 60 በመቶ። ባለ 20ው 3.5 ይሰጣል፣ 80 በመቶ። በበጋ ባለ 15ው ልክ 4.3 ላይ ይደርሳል፣ ባለ 20ው ይተርፈዋል። ፀሐይ ጭራሽ ያልታየበት፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያካፋበት ቀን ላይ ግን ባለ 20ውም ከፍላጎቱ ሲሶውን ቢሸፍን ነው።

የሻጩን 80 ዲግሪ እንመርምር። 150 ሊትር ከ18 ወደ 80 ለማድረስ 10.8 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ሐምሌ ላይ በ1.2 ካሬ ላይ የሚወርደው ጠቅላላው 4.8 ነው። አንዲት ጠብታ ሙቀት ባይባክን እንኳ ግማሹ አይሞላም።

ስለዚህ ለጅማ 15 አይበቃም፤ 20 ቱቦ ግዛ። ቤተሰቡ ማታ ማታ አንድ ላይ የሚታጠብ ከሆነ 24ም ብዙ አይባልም።

ቱቦ ወይስ ሳጥን ለሚለው፦ ቱቦው በሁለቱ መስታወቶች መካከል አየር የለውም፣ የያዘውን ሙቀት እምብዛም አይለቅም። ሳጥኑ ግን ከፊቱ መስታወት ሙቀት ያመልጠዋል። ጠራራ ፀሐይ ላይ ሁለቱም ከሚወርድባቸው 60 በመቶ አካባቢውን ውኃው ውስጥ ያስገባሉ። ደመና ሲሆን፣ ብርሃኑ 300 ዋት በካሬ ላይ ሲወርድ፣ ሳጥኑ ወደ 40 በመቶ ሲያሽቆለቁል ቱቦው 50 ላይ ይቆያል። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ሰው እንደሚያጋንነው አይደለም፣ ምክንያቱም የጅማ አየር ራሱ 20 ዲግሪ ስለሆነ ሳጥኑ የሚያመልጠው ሙቀት እንደ በረዶ አገር አይበዛም። 2 ካሬ ሳጥን ከ20 ቱቦ ጋር ክረምት ላይ ጎን ለጎን ይሄዳል። ሳጥኑ በቀላሉ አይሰበርም፣ ቱቦው ግን አንዱ ቢሰበር አንዱን ብቻ ትቀይራለህ።

አቅጣጫውን በተመለከተ ቪዲዮው የተሠራው ለሌላ አገር ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ጅማ ላይ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በስተ ሰሜን ነው። ሐምሌ ላይ ከአናት 13 እና 14 ዲግሪ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ወደ ደቡብ በ45 ዲግሪ የቆመ ሶላር ያን ጊዜ ከቀጥታው ጨረር ግማሹን ብቻ ይቀበላል፤ ከሰማዩም ብዙውን ክፍል ጀርባ ይሰጠዋል። ደመና ባለበት ጊዜ የሚሻለው ወደ ሰማይ የተንጋለለ ነው። 15 ወይም 20 ዲግሪ ይበቃል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ሙቁ ውኃ ወደ ላይ መውጣት ይከብደዋል፣ አቧራውንም ዝናብ አያጥበውም። ዝናቡ የሚበዛው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ማዞር ያዋጣል። ጭጋጉ እስከ 3 ሰዓት የማይገፈፍበት ዳገት ላይ ከሆነ ግን የምሥራቁ ጥቅም የለም፤ ለማማው በሚመችህ አቅጣጫ አቁመው።

ቧንቧው_ሠራተኛ፦

ወንድሜ ከላይ ያለው ሂሳብ ትክክል ነው። እዚህ ከተማ ሶላርን «አይሠራም» የሚያሰኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ደመናው ሳይሆን አገጣጠሙ ነው።

ክብደቱን ተመልከት። አንዱ ቱቦ በውስጡ 2.6 ሊትር ገደማ ውኃ ይይዛል፣ ሃያው 52 ሊትር። (ሻጩ «200 ሊትር» ሲልህ የቱቦው ውኃ ተቆጥሮ ነው ወይስ ታንከሩ ብቻ? ጠይቀው፤ ብዙ ጊዜ ተቆጥሮ ነው።) ከነብረቱ ከ250 ኪሎ ያላነሰ ነገር ነው የምትሰቅለው። ባሕር ዛፍ ጣሪያ ላይ አይወጣም። ለብቻው ብረት ማቆሚያ ሥራለት፣ አራቱን እግሮች በኮንክሪት ያዝ።

ቁመት ላይ አትቀልድ። ግፊት የሌለው ሶላር ውኃ የሚያገኘው ከሮቶው ስለሆነ የሮቶው ወለል ከሶላሩ ታንከር አናት ቢያንስ ግማሽ ሜትር መብለጥ አለበት። የሶላሩ መውጫ ደግሞ ከሻወሩ አናት መብለጥ አለበት፤ 1 ሜትር ልዩነት 0.1 ባር ብቻ ነው የሚሰጥህ። ያንተ ሮቶ በ4 ሜትር ላይ ካለ የሶላሩ አናት 3.5 ላይ ይቆማል፣ መውጫው 3 ሜትር አካባቢ፣ ሻወሩ 2 ሜትር ላይ ነው። አንድ ሜትር ብቻ ቀረህ። ውኃው ይወርዳል ግን ያንጠባጥባል። ማማውን በ1.5 ሜትር ማስረዘም ከቻልክ አድርገው። ካልቻልክ ሙቁን መስመር በ25 ሚሊሜትር ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) አውርድ፣ ክርን አታብዛ፣ የሻወር ራሱን ሰፊ ቀዳዳ ያለው ምረጥ።

ፒፒአሩ ቀይ መስመር ያለበት የሙቅ ውኃ ይሁን። ሰማያዊ መስመር ያለውን አስገብተው ሁለተኛው በጋ ላይ እንደ ገመድ የሚልመጠመጥ ብዙ ነው። ከታንከሩ የሚወጣውን የመጀመሪያ አንድ ሜትር በብረት አድርገው፤ ጥር ላይ ማንም ሳይታጠብ ሁለት ቀን ከዋለ ውኃው ወደ መፍላቱ ይጠጋል፣ ጅማ ላይ ደግሞ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ነው። ቧንቧውን በጥቁር ስፖንጅ ሸፍን፣ ስፖንጁን በአሉሚኒየም ፕላስተር ጠቅልል። ራቁቱን ከተተወ ፀሐይ በዓመት ውስጥ ታፈረፍረዋለች።

አሁን ዋናው በሽታ። ቀዝቃዛውን ከዋናው የውኃ መስመር፣ ሙቁን ከሶላር አምጥተህ አንድ ሚክሰር ላይ ካገናኘሃቸው የመስመሩ ግፊት የሶላሩን ይረታዋል። ሚክሰሩ መሐል ላይ ሲሆን ቀዝቃዛው በሙቁ ቧንቧ ሽቅብ ይወጣል፣ ታንከሩን ሞልቶ በአየር መውጫው ጣሪያው ላይ ይፈሳል። ባለቤቱ የሚያየው «ውኃው ሙቅ አይሆንም፣ ታንከሩ ያፈሳል» የሚል ነው፤ ታንከሩ ግን ምንም አልሆነም። መድኃኒቱ ቀዝቃዛውንም ከዚያው ሮቶ ማውረድ ነው። ቼክ ቫልቭ (ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው) ብቻውን ይረዳል፣ ነገር ግን በአንድ ሜትር ግፊት ስፕሪንግ ያለውን ቼክ ቫልቭ ውኃው መክፈት ያቅተዋል፤ የምላስ ዓይነቱን ተጠቀም።

አየር መውጫው ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። ወፍ ወይም ንብ እንዳይገባ በጨርቅ የሚወትፈው አለ። ውኃ ሲቀዳ አየር ካልገባ ታንከሩ ወደ ውስጥ ይጨማደዳል፤ እንደ ተረገጠ ቆርቆሮ ሆኖ ነው የምታገኘው። ቀጭን ወንፊት ብቻ እሰርበት።

ፈረቃው ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። ሮቶው አልቆ ሶላሩ ባዶ ከሆነ ፀሐይ ላይ የባዶ ቱቦ ውስጡ ከ200 ዲግሪ ያልፋል። 7 ሰዓት ላይ ውኃ መጣ ብለህ ከከፈትክበት ቱቦዎቹ ተራ በተራ ይፈነዳሉ። ወደ ሶላሩ በሚገባው መስመር ላይ የእጅ ቫልቭ አስገጥም፤ ሮቶው ሊያልቅ ሲል ዝጋው። ባዶ ከሆነ ደግሞ የምትሞላው ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ወይም ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት ነው። የሮቶው ፍሎተር የሚጣበቅ ከሆነም ቀድመህ ቀይረው፣ ርካሽ ነው።

የእንጨቱን ነገር ካነሳን ዛፉንም እናንሳ። ጅማ አቮካዶ የሌለበት ግቢ የለም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ 6 ሰዓት ላይ፣ 9 ሰዓት ላይ ሦስቴ ወጥተህ ጥላው የት እንደሚወድቅ እይ። የዛሬው ቅርንጫፍ በሦስት ዓመት የት እንደሚደርስም አስበህ።

ቢል_አንባቢ፦

እኔ በገንዘቡ በኩል ትንሽ ልጠራጠር። ሶላር ከምታወጣው በላይ ሊያስቀርልህ አይችልም። 5500 ዋት ሻወር ላይ አምስት ሰው አምስት አምስት ደቂቃ ቢቆም በቀን 2.3 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 69 ነው። ከላይ የተሰላው 4.3 ግን ሰው ሙቅ ውኃ እንደ ልቡ ሲያገኝ የሚጠቀመው ነው። ኤሌክትሪክ ሻወር ራሱ ቆጣቢ ነው፤ በደቂቃ 4 ሊትር ያህል ብቻ ስለሚያሞቅ ሰውን ያስቆጥበዋል። ስለዚህ ቢልህ ላይ ያለውን የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ወስደህ በ69 አባዛው፣ በ129 (4.3 በ30 ቀን) ሳይሆን። ያ ነው በወር የሚቀርልህ፣ እሱም በክረምት ሙሉ በሙሉ አይደለም።

ቤቱ ውስጥ 80 ሊትር ቦይለር ቀንና ሌሊት በርቶ የሚውል ቢሆን ኖሮ መልሴ ይለወጥ ነበር። ቦይለር ማንም ሳይነካው ቆሞ ብቻ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይጨርሳል፣ እሱን ሶላር ሙሉ በሙሉ ያስቀረዋል። ያንተ ጥቅም ሁለተኛው ሻወር ሙቅ ማግኘቱ፣ የወጥ ቤቱ እቃ ማጠቢያና መብራት የጠፋ ቀን ነው። ለእነዚህ ከፍለህ ከሆነ ያዋጣሃል፤ ለቢሉ ብለህ ከሆነ ብዙ ዓመት ትጠብቃለህ።

ደግሞ «የመብራት ሶላር ገዝቼ ኤለመንት ላሞቅበት» የሚል ሐሳብ ይመጣል። 550 ዋት ፓነል በክረምት በቀን 1.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል፤ ከባለ 20 ቱቦው ጋር እንዲስተካከል ሁለት ፓነል ይበቃል። ቱቦ አይፈነዳም፣ ቧንቧም ጣሪያ አይወጣም። ችግሩ ቴርሞስታቱ (ውኃው ሲሞቅ መብራቱን የሚቆርጠው) ላይ ነው። የተለመደው የቦይለር ቴርሞስታት የተሠራው ለቆጣሪ መብራት ነው። ከፓነል በቀጥታ የሚመጣውን ሲቆርጥ ብልጭታው አይጠፋም፣ ምላሶቹ ተጣብቀው ይቀራሉ፣ ውኃውም መሞቁን አያቆምም። ለዚያ የተሠራ መቆጣጠሪያ ካላገኘህ አትነካካው።

የጅሬን_መንገድ፦

በጣም አመሰግናለሁ። ለቢሉ ሳይሆን ለሁለተኛው ሻወርና መብራት ለሚጠፋበት ቀን ነው። ባለ 20ውን እይዛለሁ፣ ማማውንም አስረዝማለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ሦስት ቀን ሲያካፋ ምን ላድርግ? ለብ ያለውን የሶላር ውኃ በኤሌክትሪክ ሻወሩ ውስጥ አሳልፌ ባሞቀው አይሻልም?

ቁጥር_ይናገር፦

በወረቀት ላይ ያምራል፣ በተግባር ግን አይመከርም። ሻወሩ የሚበራው በግፊት ነው፤ ማማው ረዝሞ በምታገኘው ሁለት ሜትር ተኩል ላይም አንዳንዱ ጭራሽ አይበራም። ከበራ ደግሞ መቆጣጠሪያው ሁለት ሦስት እርከን ብቻ ነው። 4 ሊትር በደቂቃ ሲወርድ 5500 ዋት ውኃውን በ20 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ 34 ዲግሪ ሆኖ የገባው 54 ሆኖ ይወጣል። ይልጣል፣ በተለይ ልጅ ካለ። ኤሌክትሪክ ሻወሩን ለብቻው በቀዝቃዛው መስመር ላይ ተወው፣ ሶላሩ የራሱ ቧንቧና የራሱ ራስ ይኑረው።

ለሚያካፉት ቀናት ታንከሩ ውስጥ የሚገባ 1500 ዋት ኤለመንት ከነቴርሞስታቱ አብረህ ግዛ፤ ቀዳዳው ብዙዎቹ ላይ አለ። 150 ሊትር በ10 ዲግሪ ለማሞቅ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጅበታል። የምታበራው ማታ፣ ፀሐይ የቻለችውን ሰጥታ ከጨረሰች በኋላ ነው። ጠዋት ካበራኸው መብራት ከፍለህ ያሞቅኸው ውኃ ላይ ፀሐይ የምትጨምረው ትንሽ ይሆናል።

ኤለመንቱ ሌላ ሥራም አለው። ክረምት ላይ ታንከሩ ሳምንቱን ሙሉ 35 እና 40 ዲግሪ ላይ ሲቀመጥ ለሌጅዮኔላ ባክቴሪያ የሚመች ሙቀት ነው፤ በሻወር ጭጋግ ወደ ሳንባ የሚገባው እሱ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ 60 ዲግሪ ድረስ አሙቀው። ከ38 ወደ 60 ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የዚያን ዕለት ማታ የሚታጠበው ሰው ቀዝቃዛውን ቀድሞ ይክፈት።

ቧንቧው_ሠራተኛ፦

የኤለመንቱ ሽቦ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር፣ ብሬከሩ 16 አምፔር፣ ኤርዙ ደግሞ እውነተኛ ኤርዝ፤ መሬት የተቀበረ ዘንግ እንጂ ከቧንቧ ጋር የታሰረ ሽቦ አይደለም። ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር ጨምርበት። ውኃና መብራት አንድ ታንከር ውስጥ ናቸው። ታንከሩ ባዶ ሆኖ ኤለመንቱን ማብራት ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ያቃጥለዋል፤ ውኃ ከጠፋ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርድ።

ስለ ጥገናው ባጭሩ። ክረምት ላይ የሚመጣው ውኃ ደለል አለው፣ ደለሉ ቱቦው ግርጌ ይተኛል። መስከረም ላይ፣ ገና ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ፣ ታንከሩን አፍስሰህ ሁለት ሦስት ቱቦ አውጥተህ እይ። ጎማውን በሳሙና ውኃ አርጥብ፣ ቱቦውን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያሽከረከርክ ሳብ። በደረቁ የጎተተ ሰው ጎማውን ይተረትራል፣ ከዚያ በኋላ የሚያንጠባጥበውን ሲሊኮን ማጣበቂያም አያቆመውም። ለመለዋወጫ ሁለት ቱቦና አምስት ጎማ ከሶላሩ ጋር አብረህ ግዛ፣ በኋላ ልኩ የሚስማማ ላታገኝ ትችላለህ።

የሞተ ቱቦ ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ግርጌው ላይ እንደ መስታወት የሚያበራ የብር ቅብ አለ። አየር ከገባበት ያ ብር እንደ ወተት ይነጣል። ፀሐይ ላይ ስትነካው ደግሞ ጤነኛው ውጪው ቀዝቃዛ ነው፣ የሞተው ይሞቃል። ሻጩ ሱቅ ውስጥ ሆነህ ሃያውንም አንድ በአንድ ገልብጠህ ግርጌያቸውን እይ፤ ከመኪና ላይ ሲወርድ የነጣ አይጠፋም።

የጅሬን_መንገድ፦

45 ዲግሪ የሆነውን ማቆሚያ እግሩን ቆርጬ ላስተኛው እችላለሁ?

ቧንቧው_ሠራተኛ፦

የታንከሩ ቀዳዳዎች የተበሱት ለዚያ ማዕዘን ነው። እግሩን ስትቆርጥ ታንከሩም አብሮ ይዞራል፣ አናቱ ላይ የነበረው አየር መውጫ ወደ ጎን ይመጣል፣ ከላይ የምትቀመጠዋም ትንሿ የፍሎተር ታንከር ትጋደላለች። ለዝቅተኛ ማዕዘን የተሠራውን ማቆሚያ ከነታንከሩ ጠይቅ፤ ሻጩ ከሌለው ይዘዝልህ። ካልሆነ ጠፍጣፋውን ሳጥን ውሰድ፣ እሱ በፈለግኸው ማዕዘን ይተኛል።